ዕዳዬን እንዳትምሪኝ፣ እታለም

ለምወድሽም ለማፍርሽም ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት ወገብሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትነሺው? ዓይንሽስ? መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ልጅሽን መጥራት ጀመርሽ ወይስ እልህ ይዞሽ አሁንም ብቻሽን ትታገያለሽ? እማማስ እንዴት ናት? ጉልበቷስ፣ ሳሏስ፣ እንቅልፏስ? ባልሽ ያን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የሚያስቸግረውን መኪና ቀየረ ወይስ ዛሬም እየጸለየ ነው የሚነዳው? የልጅሽን ቁመት እንኳ አላውቅም፤ እኔ ሳያት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ለማየት ትንጠራራ ነበር፣ ይኸኔ ግን አንቺኑ ቁልቁል የምታይሽ ይመስለኛል። አራት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ የቀረሁትን ጤና ዛሬ ባንዴ ልጠይቅ ብል ወረቀቱ እዚሁ ያልቅብኛል፤ የቀረውን እንደተጠየቅሽ ቁጠሪልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እንደ ድሮው ጠያቂን ዝም ለማሰኘት አይደለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዋናው መንገድ እሄዳለሁ። በመንገድ መሄድ ምኑ ዜና ነው ትይኝ ይሆናል፤ ቆይ፣ እነግርሻለሁ።

አውቃለሁ፣ የእጅ ጽሑፌን ስታዪ መጀመሪያ ደረትሽን ትይዣለሽ፣ ቀጥሎ ትሳደቢያለሽ። ተሳደቢ፣ መብትሽ ነው። በአሮጌው ቁጥሬ የላክሽልኝ የመጨረሻ መልእክት ዛሬም አለኝ፤ ሞተህም እንደሆነ ንገረኝና አልቅሼ ልረፍ ይላል። አንብቤው ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ስልኩን ፍራሽ ሥር ከተትኩት። ለምን እንዳልመለስኩልሽ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ተነግሮ ስለማያውቅ ይኸው በቀለም ልጻፈው። የእማማን ቤት ጣሪያ ለማስቀየር ስፌት ሰፍተሽ፣ ቁልፍ ተክለሽ፣ ዚፕ ቀይረሽ ያጠራቀምሽውን አሥራ ስምንት ሺህ፣ በዓመቱ እመልሳለሁ ብዬ ወሰድኩ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። አንድም ሳንቲም አልመለስኩም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የእማማን አልጋ ወዲያና ወዲህ እንደምትጎትቱ ሰምቼ፣ እንዳልሰማ ሆኛለሁ።

ባለፈው ዓመት እማማ ታማለች ሲባል ከሰው ሰምቼ አላስችል ቢለኝ፣ ለጎረቤታችን ለዳቦ ጋጋሪዋ ደወልኩላት። ድምፄን አወፍሬ፣ ከስልክ መሥሪያ ቤት ነው፣ መስመር እየፈተሽን ነው፣ እግረ መንገዴን የጎረቤትዎ የእናትየዋ ጤና እንዴት ነው አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እማማ ደህና ናት፣ ጉንፋኑ ለቋታል፣ ያንተ ድምፅ ግን ምነው እንዲህ ጎረነነ፣ ጉንፋኑ ወዳንተ ዞረ እንዴ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ላቤን ጠረግኩ። ነግራሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልነገረችሽ ትልቅ ሴት ናት።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ከሥሩ ልንገርሽ። ታፔላ መጻፉ መጀመሪያ ላይ ማር ነበር። የዚህች ከተማ ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ፣ መነጽር ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ግማሹ ስሙን በኔ እጅ ነው ያጻፈው። በየታፔላው ቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ፣ እንደ ሙያው ልማድ፣ ስልክ ቁጥሬን በትንንሹ እጽፋለሁ፤ የኛ ማስታወቂያ እሷ ናት። ከዚያ የባነር ማሽን መጣና እኔ በሦስት ቀን የማደርሰውን በሩብ ሰዓት ያወጣው ጀመር። እልህ ያዘኝ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍት የነበረ ሰው አርባ የክፍል ታፔላና አንድ ትልቅ የጣሪያ ላይ ታፔላ ሲያዘኝ፣ አለቀላችሁ የባነር ልጆች ብዬ ዘለልኩ። ቀለሙን ከቀለም ነጋዴዋ በዱቤ፣ የብረት ፍሬሙን ከበያጁ በዱቤ ወሰድኩ፤ የመሥሪያ ክፍሌን ኪራይም ሰባት ወር ሙሉ ነገ ዛሬ እያልኩ አሳደርኩ። ሰውየው ማረፊያውን ሳይከፍት የገባበት ጠፋ።

እስከዚህ ስትሰሚው ምስኪን ወንድሜ ትያለሽ። አትቸኩዪ። ሰውየው ቀብድ ሰጥቶኝ ነበር። ያን ቀብድ ለበያጁና ለነጋዴዋ ማካፈል ስችል የቆዳ ጃኬት ገዛሁበት፣ የተረፈውን ጓደኞቼን ሰብስቤ ጋብዤ ጨረስኩት። ጃኬቱ ደግሞ ብብቱ ላይ ይጠበኛል። ለሰው ሁሉ የማወራው የጠፋውን ሰውዬ ታሪክ ነው፤ የጃኬቱን ያወራሁት ላንቺ ብቻ ነው።

ከዚያማ እግሬ አውጪኝ ሆነ። አበዳሪዎቼ ሲደውሉብኝ ሲም ካርድ ቀየርኩ። ሥራ እንዳይቀርብኝ ብዬ ደግሞ አዲሱን ቁጥር በየታፔላው ጥግ ላይ እየዞርኩ ጻፍኩት። በማግስቱ በያጁ ደወለልኝ። ክው ብዬ፣ ቁጥሬን ከየት አመጣኸው ብለው፣ ፀጉር ቤቱ ጥግ ላይ ጽፈኸው አይደል እንዴ አለኝ። ይህን የሚያህል ጅል አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ከተደበቀበት ሆኖ አድራሻውን በየግድግዳው ይለጥፋል? በሚቀጥለው ሳምንት ቀለምና ብሩሽ ይዤ፣ የነጻ እድሳት ነው እያልኩ፣ በጠራራ ፀሐይ ከሠላሳ ስድስት ታፔላ ላይ የገዛ ቁጥሬን ደመሰስኩ። ባለ ሱቆቹ እግዜር ይስጥልን እያሉ ሻይ አቀረቡልኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለም፤ አበዳሪም፣ ደንበኛም።

ሦስት ዓመት እንዲያ ኖርኩ። ከክፍሌ እስከ ዳቦ መሸጫው በዋናው መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ግን በልብስ ንጽሕና ቤቱ ጀርባ፣ በጋራዡ አጥር ሥር፣ በቦዩ ጠርዝ ዞሬ ግማሽ ሰዓት እሄድ ነበር። አንድ ቀን ከልብስ ንጽሕና ቤቱ የተሰጣ አንሶላ ጀርባ ተደብቄ ሳለ ሠራተኛዋ መጥታ አንሶላውን አነሳችው፤ ተያየን። መልሳ ሰቀለችልኝ። የኔ ኑሮ ይህ ነበር፤ ሰው አዝኖለት አንሶላ የሚሰቅልለት ጎልማሳ።

እንግዲህ ወደ መሰላሉ ልምጣ። የዛሬ ሦስት ወር ነው። አንድ ጎማ ጠጋኝ፣ በምን ዕድሌ እንደሆነ እንጃ፣ ባነር ይቅርብኝ፣ ግድግዳዬ ላይ በቀለም ጻፍልኝ ብሎ አገኘኝ። ግድግዳው ከፍ ያለ ነው። መሰላሉን ጠጠር ላይ ተክዬ ጫፉ ድረስ ወጣሁ። የሚጻፈው ‘ጎማ ይጠገናል’ ነው። የመጀመሪያዋን ‘ጎ’ ጨርሼ ወደ ታች ባይ መላጣ ራስ ታየኝ። የማውቀው መላጣ። ነጎድጓድ የምንለው በያጁ ነው፤ ሲያስነጥስ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚጮኽለት፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያህል ሰው። የመሰላሉን እግር በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

እታለም፣ ወዴት ልሩጥ? መሰላሉን ነቅንቆ ሊጥለኝ ነው፣ አለዚያም እስክወርድ ጠብቆ አንገቴን ሊያንቀኝ ነው ብዬ ብሩሼን ወደ ‘ጎ’ መለስኩ። ቀባኋት። ደገምኳት። ሠለስኳት። ሰውየው አይሄድም፣ አይናገርም፤ እኔም አልወርድም። ፀሐይዋ ማጅራቴን እየጠበሰችኝ ከአንድ ሰዓት በላይ አንዲት ፊደል ስቀባ ቆየሁ። ጎማ ጠጋኙ ከውስጥ ብቅ ብሎ፣ ወንድሜ ይቺ ‘ጎ’ ልትወልድ ነው እንዴ፣ እህቶቿንስ መች ትጽፋቸዋለህ ሲለኝ እንኳ ብሩሼን አላቆምኩም። በመጨረሻ የያዝኩት ቀለም ሲያልቅ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ወረድኩ።

ፊት ለፊቱ ስቆም ነጎድጓድ መሰላሉን ለቀቀና መዳፉን ያፍተለትል ጀመር። ምን አለኝ መሰለሽ? ሰውዬ፣ እጄ ደነዘዘ እኮ፤ ጠጠር ላይ መሰላል ተክሎ የሚወጣ ጤነኛ ሰው አይቼ አላውቅም፤ በዚህ ሳልፍ እግሩ ሲንሸራተት አይቼ ሮጬ ያዝኩት፤ ብለቀው ትወድቃለህ፣ ብጠራህም ደንግጠህ ትወድቃለህ፣ ምን ላድርግ ታዲያ አለኝ። ዞር ብዬ ጠጠሩን አየሁት። የመሰላሉ እግር አንድ ክንድ ያህል ፈር አውጥቷል። እኔ ከላይ ሆኜ ሊገድለኝ ነው የምለው ሰው፣ ከታች ሆኖ እንዳልሞት ይዞኝ ነበር። የዚያን ዕለት የተሰማኝን ነገር ስም አላገኘሁለትም፤ ሰው እንዲህ መሆን ይችላል እንዴ ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ሳይጠይቀኝ እኔው ራሴ፣ ያንተ አራት ሺህ አልጠፋኝም አልኩት። ድምፄ እንደ ልጅ ነው የወጣው። እሱ ግን ቆጣ አለ። ገንዘቡንማ ትከፍላለህ፣ እሱ ምን ጥያቄ አለው፤ እኔን የሚያናድደኝ ሰላምታው ነው፤ ሰላምታም ያበደርኩህ ይመስል ባየኸኝ ቁጥር ትሰወራለህ አለኝ። ጎማ ጠጋኙ ከሰጠኝ ቀብድ ላይ ሁለት መቶ አውጥቼ ሰጠሁት። አላንገራገረም፣ አላመሰገነም፤ ኪሱ ከተተና፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ቀረህ፣ በል መሰላልህን ደልዳላ ቦታ ላይ ትከል ብሎኝ ሄደ።

ያቺ ሁለት መቶ የልብ ልብ ሰጠችኝ። በማግስቱ የድሮ አከራዬ ቤት ሄድኩ። አከራዬ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ቀጭን፣ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ፣ ሲናገሩ ዛሬም ክፍል ውስጥ ያሉ የሚመስላቸው። በረንዳቸው ላይ ጫማቸውን እየጠረጉ አገኘኋቸው። የሰባት ወር ኪራይ፣ ስምንት ሺህ አራት መቶ እንዳለብኝ፣ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እንደምከፍል ነገርኳቸው። ጫማውን አስቀመጡ፣ ትክ ብለው አዩኝ፣ ከዚያ፣ ተወው ልጄ፣ ምሬሃለሁ፣ እግዜር ያውጣህ አሉኝ። እኔም ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ። ደረጃውን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም። ስምንት ሺህ አራት መቶ በአንዲት ቃል! ምነው ሁሉም እንዲህ በሆነ አልኩ።

አሁን የሚገርመውን ስሚ። በአራተኛው ቀን ከሩቅ ያን ጃንጥላ አየሁት፤ እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ጋራዡ አጥር ታጠፈ። ቆምኩና ራሴን ጠየቅኩት፤ አንተ ሰውዬ፣ የሳቸው ዕዳ እኮ የለብህም፣ ከምን ትሸሻለህ? ነጎድጓድ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ይፈልግብኛል፣ ሳየው ግን ከማዶ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰላም እለዋለሁ። መምህሩ ምንም አይፈልጉብኝም፣ ዓይናቸውን ማየት ግን አልችልም። ነገሩ ግራ እንዳጋባኝ ወደ ትልቋ አበዳሪዬ፣ ወደ ቀለም ነጋዴዋ ለመሄድ ቀን ቆረጥኩ።

የሷ አሥራ አንድ ሺህ ነው። ከሁሉም የምፈራት እሷን ነበር፤ ከአፏ ክፉ ወጥቶባት ሳይሆን፣ ስታምነኝ ወረቀት እንኳ ስላላስፈረመችኝ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የጎማ ጠጋኙን ሥራ ጨርሼ፣ ሦስት መቶ በኪሴ ይዤ ተነሳሁ። ከሱቋ በር ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ በመስኮቱ አየኋት፣ ባንኮኒው ላይ መነጽሯን አድርጋ ቁጭ ብላለች። እሷም አየችኝ። ገባሁ። የለችም። ወንበሩ ባዶ ነው፣ መነጽሩ ባንኮኒው ላይ ተጥሏል። ወይዘሮ ብዬ ተጣራሁ። ዓይኔን ሳዞር፣ ከተደረደረው የቀለም ባልዲ ጀርባ የሰማያዊ ካፖርቷ ጫፍ ይታያል። እታለም ሙች! አበዳሪዬ ከኔ ተደብቃለች።

አቧራ ለብሳ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ እንደ ልጅ አፍራ ወጣች። ሁለታችንም ማን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ጠፋብን። ከዚያ እሷው ነገረችኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ በፋርማሲው ማዕዘን ላይ ስታየኝ ልታናግረኝ እጇን አንስታ ነበር፤ እኔ ባየኋት ቅጽበት ወደ መንገዱ ዘልዬ ገባሁ፣ አንድ የጭነት መኪና በፍሬን ጩኸት ተንሸራቶ አጠገቤ ቆመ። እኔ ያን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ ሹፌሩ የሰደበኝን ስድብ ሁሉ አስታውሰዋለሁ። እሷ ግን እግሯ ከድቷት ማዕዘኑ ላይ ተቀምጣ ቀርታ ኖሯል። ለአሥራ አንድ ሺህ ብዬ ሰው ልገድል ነበር አልኩ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔን ከሩቅ ባየች ቁጥር፣ ሳላያት፣ ቀድማ ትሰወራለች። ቀድማ ትሻገራለች፣ ሱቅ ውስጥ ትገባለች፣ ከሰው ጀርባ ትሆናለች። ሦስት ዓመት!

እኔ እኮ ጎበዝ ተደባቂ ነኝ ብዬ በልቤ እኮራ ነበር። ለካ ድምር ጉብዝናዬ ይህ ነው፤ ያበደረችኝ ሴት እኔ እንዳልሞትባት በስልሳ ዓመቷ ከባልዲ ጀርባ ትንበረከካለች። አፌን ከፍቼ አየኋት። ጉልበቷ ላይ ነጭ አቧራ ነበር፤ ላራግፍላት ጎንበስ ስል እንባዬ አመለጠኝ። ተወው እራሴ አራግፈዋለሁ አለችኝ፣ እሷም ድምጿ ልክ አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ እያለ እኔ በቦይ ጠርዝ ስዞር ኖርኩ ብዬ፣ የሠራሁት ክፋት ሳይሆን የቀረብኝ ነገር ነው ያስደነገጠኝ።

ሦስት መቶዋን ባንኮኒው ላይ አኖርኩ። ያቺ አንጀቷ የራራ ሴትዮ በአንድ ጊዜ ነጋዴ ሆነችልሽ። መነጽሯን አደረገች፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣ አንዱን የተቀደደ ኖት ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ ቀይርልኝ አለችኝ። ቀየርኩላት። ከዚያ ደረሰኝ ቆርጣ፣ ሦስት መቶ ተቀብያለሁ፣ ቀሪ አሥር ሺህ ሰባት መቶ ብላ ጽፋ ማኅተሟን ረግጣ ሰጠችኝ። ቀይ ቀለም ፈልጌ ነበር ስላት፣ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሞልቷል፣ ዱቤ ግን ላንተ እርም ነው አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ያን ደረሰኝ ይዤ ስወጣ፣ ሰው ሆኜ የተቆጠርኩ መሰለኝ።

የወጣሁት በዋናው መንገድ ነው። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ። ምን ብዬ ልንገርሽ፤ አንድ ነገር ሳላይ እንዳላልፍ እየፈራሁ ነው የሄድኩት። የፋርማሲው ደጃፍ ላይ ተተክላ የነበረች ችግኝ ፎቁን አልፋለች። መነጽር ቤቱ ሁለት ሱቅ ሆኗል። ልብስ ሰፊው ጢሙን አሳድጎ ሸብቷል፤ ገና ሲያየኝ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ አቀፈኝ። ታፔላዎቼ ፀሐይ በልቷቸው፣ ቢጫው ወደ ነጭ ሄዶ፣ ግን ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኔ ስሮጥ እነሱ ቆመው ሲሠሩ ነበር። ዛሬ እንደተወለደ ሰው ሁሉ ነገር ብርቅ ሆነብኝ፤ በምሳ ሰዓት፣ በሰው መሐል፣ ማንም ሳያሳድደኝ ቀስ ብዬ መራመድ እንዲህ ይጣፍጣል? በሚቀጥለው ሳምንት ብሩሼን ይዤ ዞርኩና ቁጥሬን በየጥጉ መልሼ ጻፍኩት። በአምስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ የጭነት መኪናዎቹን በሮች ማጻፍ የሚፈልግ ባለ መኪና ነው። ማሽኑ የታጠፈ ብረት ላይ መጻፍ አይችልበትም፣ እኔ እችላለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ መምህሩ ተመልሼ ሄድኩ። ከመኪናዎቹ ቀብድ ላይ ስድስት መቶ ይዤ። በረንዳቸው ላይ ቆሜ፣ የማሩኝን ዕዳ ልከፍል ነው የመጣሁት፣ እባክዎ ይቀበሉኝ አልኳቸው። ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ መምህር ናቸውና ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ልጄ፣ ያን ቀን የማርኩህ አዝኜልህ አይደለም፤ ትከፍላለህ ብዬ ስላላመንኩ ነው፤ ተስፋ ቆርጬብህ፣ ዳግም በሬ ላይ እንዳትመጣብኝ ነው አሉኝ። በጥፊ የተመታሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ግን ወዲያው ነገሩ ፍንትው አለልኝ። እግሬ ያን ጃንጥላ ሲያይ የሸሸው ለዚህ ነበር። ዕዳዬን ሲምሩኝ እኔንም አብረው ሰርዘውኛል፤ እኔ ሳላውቀው እግሬ አውቆታል። ስድስት መቶዋን ተቀበሉ። ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሲቀነስ ስድስት መቶ ስንት ነው ብለው እንደ ተማሪ ጠየቁኝ። ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አልኳቸው። ጎበዝ፣ በሚቀጥለው ወር እንዳትቀር አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ጎበዝ የጣፈጠችኝ ቃል የለችም።

እታለም፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ አንቺ ጋ ለመድረስ ነው። ከሁሉ የምትበልጪውን፣ ከሁሉ አስቀድሜ መምጣት የነበረብኝን፣ መጨረሻ ላይ ያመጣሁሽ ደፋር ስላልሆንኩ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ተለማምጄ መጣሁ። ደብዳቤውን የያዘልሽ ሹፌር የመኪናውን በር የጻፍኩለት ሰው ነው፤ ታማኝ ነው። ከደብዳቤው ጋር አምስት መቶ ይሰጥሻል። ቁጠሪው፣ ሁለቴ ቁጠሪው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን በሱ በኩል ይመጣል፤ አንዳንዴ ከአምስት መቶ ይበልጣል፣ አያንስም። በዚህ አካሄድ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የማልችለውን ነገር ቃል ገብቼልሽ ያየነውን አይተናል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እኔ አውቅሻለሁ፤ ይህን እያነበብሽ ሆድሽ ይባባል፣ በመሐረብሽ ጫፍ ዓይንሽን ትጠርጊያለሽ፣ ከዚያ እስክሪብቶ አንስተሽ፣ ተወው ወንድሜ፣ ጤናህ ይበልጥብኛል፣ ምሬሃለሁ ብለሽ ልትጽፊ ነው። እንዳትጽፊ። በእማማ ይዤሻለሁ፣ እንዳትምሪኝ። ተቆጪ፣ ስደቢኝ፣ ጣሪያው ስንት ቦታ እንደሚያፈስ ቁጠሪና ጻፊልኝ፤ እሱን እችለዋለሁ። ወሩ አልፎ ካልላክሁ ደውለሽ ጩኺብኝ፤ አዲሱ ቁጥሬ ፖስታው ጀርባ ላይ አለልሽ፣ አነሳዋለሁ። አምስት መቶዋን ተቀብያለሁ፣ ቀሪ አሥራ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብለሽ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። የምትፈልጊብኝ ነገር እስካለ ድረስ ወንድም አለሽ ማለት ነው፤ እኔ የገባኝ እንዲህ ነው።

ለባልሽ፣ ለአማቼ፣ በጣም አድርገሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ያን ገንዘብ ስትሰጪኝ ቃል ሳይናገር ዝም ያለው ዝምታው ዛሬም ከብዶኝ አለ በዪው። ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ቁመቷን ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጋ በሜትር ለክታ ትጻፍልኝ። ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ ከስልክ መሥሪያ ቤት የደወለው ሰው ጉንፋኑ ለቆታል በያት፣ ትስቃለች።

ለእማማ ግን ደብዳቤውን አታንብቢላት፣ ስለ ጃኬቱ መስማት አያስፈልጋትም። ጎኗ ተቀመጪና ጉልበቷን ያዢልኝ። ልጄ ወዴት ጠፋ ብላ ስትጠይቅሽ እስከ ዛሬ ምን ስትያት እንደኖርሽ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ግን እንዲህ በያት፤ ልጅሽ አልሞተም፣ አልጠፋም፣ ዕዳ አለበት፣ እየከፈለ ነው።

አክባሪ ወንድምሽ፣ ታፔላ ጻፊው።

ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከዳቦ መሸጫው ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ካለችው ክፍሌ፤
ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን ተጻፈ።